የልጆች ተቅማጥ፦ ከማስቆሙ በፊት መተካቱ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። ሕፃኑን ለአራተኛ ጊዜ አስቀመጠው። ዳይፐሩ ሲፈታ የወጣው ነገር ከሰገራ ይልቅ ውኃ ይመስላል። እናት ገላውን ታጥባለች፤ አባት ስልኩን ከፍቶ መፍትሔ ይፈልጋል። ሁለቱም በልባቸው የሚያመላልሱት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይህን ነገር ምን ያቆመዋል?»

የጨነቀው ወላጅ ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ልጁን ግን ብዙም አይረዳውም። አብዛኛው የልጆች ተቅማጥ ራሱ ጀምሮ ራሱ የሚያቆም ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ቆይቶ ይሄዳል። ልጅን የሚያደክመው፣ ሲብስም የሚገድለው፣ በእነዚያ ቀናት ከሰውነቱ የወጣው ውኃና ጨው ሳይተካ ሲቀር ነው። ስለዚህ ሌሊት ላይ መጠየቅ ያለበት «የወጣውን በምን ልመልስ?» የሚለው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት ውስጥ በየዓመቱ ከ440 ሺሕ በላይ የሚሆኑት በተቅማጥ ሳቢያ ይሞታሉ። ከቁጥሩ በላይ የሚያንገበግበው አብዛኛው ሞት በንጹሕ ውኃ፣ በጥቂት ጨውና በጥቂት ስኳር ሊቀር ይችል የነበረ መሆኑ ነው።

በእርግጥ ተቅማጥ ነው ወይ?

የሐኪሞቹ መለኪያ አጭር ነው፦ በቀን ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የቀጠነ ወይም ውኃ የመሰለ ሰገራ፣ አልያም ከልጁ ልማድ የበዛ። ወላጅን ይበልጥ የሚጠቅመው «ከልጁ ልማድ» የሚለው ነው። ጡት ብቻ የሚጠባ ጨቅላ በጠባ ቁጥር ሊያወጣ ይችላል፤ የሚያወጣውም ቢጫ፣ ለስላሳና ፍሬ ፍሬ ያለበት ነው። ይህ ጤንነት እንጂ ሕመም አይደለም። ትናንት አምስት ጊዜ ያወጣ የነበረ ሕፃን ዛሬ አሥር ጊዜ ካወጣ፣ ፍሬ ፍሬው ጠፍቶ ውኃ ብቻ ከሆነ፣ ሽታው ከወትሮው ከተለየ ግን ተቅማጥ ነው።

ደም ያለበት ተቅማጥ ከዚህ ተለይቶ ይታያል፤ የአንጀት ግድግዳ በባክቴሪያ መቁሰሉን ሊያመለክት ስለሚችል ሐኪም ሊያየው ይገባል። 14 ቀንና ከዚያ በላይ የቆየ ተቅማጥም እንዲሁ የቤት ውስጥ ጉዳይ አይደለም።

መንስኤው ብዙ ነው። በሕፃናት ላይ ግንባር ቀደሞቹ ቫይረሶች ናቸው፤ በተለይ ሮታቫይረስ። ባክቴሪያ አለ፤ ጃርዲያን የመሰሉ ጥገኛ ተሕዋስያን አሉ፤ ለሌላ ሕመም የተሰጠ አንቲባዮቲክም ያስቀምጣል። ነገር ግን በመጀመሪያው ሌሊት የትኛው እንደሆነ ማወቅ የሚሠራውን ሥራ አይለውጠውም። ላቦራቶሪም ብዙ ጊዜ የማያስፈልገው ለዚህ ነው።

ትንሽ ልጅን ለምን ይበልጥ ይጎዳዋል?

አሥር ኪሎ የሚመዝን ሕፃን እናስብ። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ግማሽ ሊትር ውኃ ቢወጣው የክብደቱን 5 በመቶ አጣ ማለት ነው። የፈሳሽ እጥረት ምልክቶች የሚጀምሩት እዚያ ላይ ነው። አንድ ሊትር ከወጣው 10 በመቶ ይደርሳል፤ ይህ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። ስድሳ ኪሎ የሚመዝን አባቱ ግን ግማሽ ሊትር ቢወጣው ከመጠማት ያለፈ ነገር ላይሰማው ይችላል። ግማሽ ሊትር ደግሞ በተደጋጋሚ ሲያስቀምጥ ብዙ ነገር አይደለም።

በዚያ ላይ ሕፃን ውኃ ጠማኝ ብሎ ቀድቶ አይጠጣም። ሰጥተውት እንጂ።

እዚህ ላይ አንድ የቃል ጣጣ አለ። የጤና ባለሙያ «ልጁ ድርቀት አለበት» ሲል የሰውነቱ ፈሳሽ አልቋል ማለቱ ነው። ብዙ ሰው ግን ድርቀት ሲባል የሆድ ድርቀት ይመጣበታል፤ «እንዴት አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው ልጅ ድርቀት የሚኖርበት?» ብሎ ግራ ይጋባል። በዚህ ጽሑፍ ለማምታታት ቦታ ላለመስጠት «የፈሳሽ እጥረት» እንላለን።

ጨውና ስኳር እንዴት መድኃኒት ሆኑ?

አንጀትን እንደ ቧንቧ የሚያስበው ብዙ ነው፤ በአንድ በኩል የገባው በሌላ በኩል ይወጣል ብሎ። «ውኃ ባጠጣሁት ቁጥር ይጨምርበታል» የሚለው ፍርሃት የሚመነጨውም ከዚህ ነው። አንጀት ግን እንደ ቧንቧ አይሠራም። በአንድ አዋቂ ሰው ትንሹ አንጀት በየቀኑ ከ8 እስከ 9 ሊትር ፈሳሽ ይገባል። ከዚህ ውስጥ ሰውየው የጠጣውና የበላው ሁለት ሊትር ገደማ ነው፤ የቀረውን ምራቅ፣ የጨጓራ ፈሳሽ፣ ሐሞትና የመሳሰለውን ሰውነት ራሱ ያፈስሰዋል። በሰገራ የሚወጣው ግን 200 ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞላም። ሌላው ሁሉ ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ተቅማጥ የሚባለው ይህ የመመለስ ሥራ ሲሰናከል፣ ወይም አንጀት ከሚመልሰው በላይ ሲያፈስ የሚመጣ ነገር ነው።

ውኃ በራሱ ኃይል ከአንጀት ወደ ደም አይሄድም፤ ጨው የሄደበትን ይከተላል። ጨው ደግሞ የሚገባበት በር አለው። በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ያሉትን ጥቃቅን በሮች እንደ ባንክ ካዝና አድርገን እናስባቸው። ካዝናው በአንድ ሰው ቁልፍ አይከፈትም፤ ሥራ አስኪያጁና ገንዘብ ያዡ እያንዳንዳቸው ቁልፋቸውን ይዘው አብረው መቆም አለባቸው። የአንጀቱ በር ሁለት ቁልፎች ሶዲየም (የገበታ ጨው ዋና አካል) እና ግሉኮስ (የስኳር ዓይነት) ናቸው። ሁለቱ ተያይዘው ሲመጡ በሩ ይከፈታል፣ ሁለቱም ይገባሉ፣ ውኃም ተከትሏቸው ይገባል። ይህን አሠራር አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ክሬን እ.ኤ.አ. በ1960 ፕራግ ላይ ለባልደረቦቹ አቀረበው።

የሚያስደንቀው ተቅማጡ በበረታበት ሰዓት እንኳ እነዚህ በሮች መሥራታቸውን አለማቆማቸው ነው። በኮሌራ ጊዜ ጨርሶ አይነኩም። ሮታቫይረስ የተወሰኑትን ቢያበላሽም የሚበቃ ያህል ይተርፋል። ስለዚህ አንጀት በአንድ በኩል እያፈሰሰ በሌላ በኩል መቀበል ይችላል፤ የጎደለው ትክክለኛው ቅልቅል ብቻ ነው።

ቅልቅሉ «ሕይወት አድን ንጥረ ነገር» ወይም በተለመደው አጠራር ኦ.አር.ኤስ. ይባላል። ለአንድ ሊትር ውኃ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት የሚባል ጨው አለው። በዚህ ልክ ሲቀመም የሶዲየሙና የግሉኮሱ ቅንጣቶች ቁጥር እኩል ይሆናል፤ አንድ ለአንድ ተያይዘው በበሩ እንዲያልፉ ተብሎ የተሠራ ነው። ፖታሲየሙ በተቅማጥ የወጣውን ይተካል፤ ሲትሬቱ ደግሞ በደም ውስጥ የበዛውን አሲድ ያስተካክላል።

ከወረቀት ወጥቶ በብዙ ሕዝብ ላይ የተፈተነው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በባንግላዴሽ ጦርነት የተሰደዱ ሰዎች በሕንድ ድንበር አጠገብ ቦንጋኦን በተባለች ከተማ ተጠልለው ሳለ ኮሌራ ገባባቸው። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስና ባልደረቦቹ ጨውና ግሉኮስ እየመዘኑ በውኃ በጥብጠው በበርሜል አስቀመጡ፤ አስታማሚዎች እየቀዱ ለታማሚዎቻቸው በኩባያ አጠጡ። 30 በመቶ ገደማ የነበረው የሞት መጠን ከ4 በመቶ በታች ወረደ። ያጠጡት ነርሶች ብቻ አልነበሩም፤ እናቶች፣ እኅቶች፣ አጎቶች ነበሩ።

ታዲያ ለስላሳ መጠጥ ወይም ጭማቂ ለምን አይሆንም?

ስኳሩ ስለሚበዛና ጨው ስለሌለው ነው። ከልክ ያለፈ ስኳር አንጀት ውስጥ ሲቀመጥ ውኃ ከደም ወደ ራሱ ይስባል፤ ተቅማጡን ያብሰዋል እንጂ አይረዳም። ንጹሕ ውኃ ብቻ መስጠትም ችግሩ ሌላ ነው፦ ጥማት ያረካል፣ ጨው ግን አይመልስም። በትንሽ ሕፃን ላይ ውኃ ብቻ ሲበዛ በደሙ ያለው ሶዲየም ይቀጥንና እስከ መንቀጥቀጥ ሊያደርሰው ይችላል። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን የእናት ጡትና፣ ካስፈለገ፣ ኦ.አር.ኤስ. እንጂ ባዶ ውኃ አይሰጥም።

ኦ.አር.ኤስ. እንዴት ይበጠበጣል?

እጅ በሳሙና ይታጠባል። በጥቅሉ ላይ የተጻፈው የውኃ መጠን ይነበባል፤ ብዙዎቹ የአንድ ሊትር ናቸው፣ ግን ከዚያ ያነሱም አሉ። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ በልክ ይለካል፤ ጥቅሉ ሙሉ በሙሉ ይገለበጣል፤ እስኪሟሟ ይማሰላል። ይኸው ነው። ከተበጠበጠ በኋላ አይፈላም፤ ስኳር፣ ወተት፣ ጭማቂ አይጨመርበትም። ተከድኖ ይቀመጣል፤ 24 ሰዓት ከሞላው ይደፋል።

ስሕተት የሚበዛው በልኩ ላይ ነው። «ትንሽ ስለሚጠጣ ግማሹን ጥቅል በግማሽ ሊትር» የሚል ብልሃት አለ። ዱቄቱ ውስጥ ጨውና ስኳሩ እኩል ተሰባጥሮ ስለማይቀመጥ ግማሹ ጥቅል ጨው ብቻ ሊበዛበት ይችላል። ሙሉውን በጥብጦ የተረፈውን መድፋት ይሻላል። ውኃ አሳንሶ «ጠንከር እንዲል» ማድረግ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ጨው የበዛበት ቅልቅል የሕፃንን አንጎል ሊጎዳ ይችላል።

ጥቅሉ በማይገኝበት ሰዓት ለጊዜው ቤት ውስጥ ማዘጋጀት ይቻላል፦ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ማንኪያው ተቆልሎ ሳይሆን በቢላዋ ጀርባ ተጠርጎ ልኩ የተስተካከለ መሆን አለበት። ለልጁ ከመስጠት በፊት ቅመሱት፤ ከእንባ ይበልጥ ጨው ጨው ካለ ደፍታችሁ እንደገና ጀምሩ። ፖታሲየምና ሲትሬት ስለሌለው ጥቅሉ እስኪገኝ ድረስ ብቻ የሚያገለግል ነው።

ምን ያህል ይጠጣ?

የፈሳሽ እጥረት ምልክት ገና ለሌለበት ልጅ ልኩ ባስቀመጠው ቁጥር ነው፦ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከሁለት ዓመት በላይ ላለ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር። ይህ ከጡቱና ከምግቡ ተጨማሪ ነው፤ የእነሱ ምትክ አይደለም።

የፈሳሽ እጥረት የጀመረው ልጅ ግን በጤና ባለሙያ ክትትል በአራት ሰዓት ውስጥ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 75 ሚሊ ሊትር ይሰጠዋል። አሥር ኪሎ ለሚመዝነው ሕፃናችን 750 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ወላጅ ይህን ሲሰማ «ማንኪያ አልቀበልም ያለ ልጅ ይህን ሁሉ ከየት ይጠጣል?» ይላል። እንግዲህ እንቁጠረው። አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል። በደቂቃ አንድ ማንኪያ ብትሰጡት በሰዓት 300 ሚሊ ሊትር፣ በአራት ሰዓት 1,200 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ግማሹ ቢተፋ፣ ጥቂቱ በአገጩ ቢፈስ፣ መሐል ላይ ቢያንቀላፋ እንኳ ከሚያስፈልገው ብዙም አይርቅም። ማንኪያ ደካማ መሣሪያ ይመስላል፤ ሰዓት እያዩ ሲሰጡበት ግን ባልዲ ያህል ነው። ማንኪያ የማይወድ ሕፃን መርፌ በሌለው ስሪንጅ በጉንጩ በኩል በቀስታ ይጠጣል። ጡጦ ግን ባይሆን ይመረጣል፤ ለማጠብ ያስቸግራል፣ ልጁም በአንድ ጊዜ ብዙ ስቦ መልሶ ያስመልሰዋል።

ቢያስመልሰውስ? አሥር ደቂቃ ጠብቁ፤ ከዚያ በቀስታ ጀምሩ፣ በሁለት ወይም በሦስት ደቂቃ አንድ ማንኪያ። ያስመለሰው ሁሉ የጠጣው ሁሉ አይደለም፤ የተወሰነው ቀድሞ አልፏል። ትውከት ብዙውን ጊዜ ከተቅማጡ ቀድሞ፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ያቆማል።

እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ተስፋ የሚቆርጥበትን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ኦ.አር.ኤስ. ተቅማጥ አያስቆምም። ልጁ እየጠጣ ማስቀመጡን ይቀጥላል። «አልሠራም» ተብሎ የሚተወውም ለዚህ ነው። ሥራውን መለካት የሚቻለው በዳይፐሩ ሳይሆን በልጁ ነው፦ ዓይኑ ሞላ? እንባ አለው? ሸና? አሻንጉሊቱን ፈለገ? የተጠማ ልጅ ጨዋማውን ውኃ በስስት ይጠጣዋል፤ ፈሳሹ ሲመለስለት ደግሞ ያው መጠጥ ይጎመዝዘውና ፊቱን ያዞራል። ፊቱን ማዞሩ አንዳንዴ መልካም ዜና ነው።

የፈሳሽ እጥረትን በዓይን እንዴት እናውቃለን?

መጀመሪያ ልጁ ይነጫነጫል፣ እረፍት ያጣል፤ ዓይኑ ይጎደጉዳል፤ አፉ ይደርቃል፤ ሲያለቅስ እንባ ያንሰዋል፤ ውኃ ሲያይ ይንሰፈሰፋል። በጨቅላው ላይ እርግብግቢቱ ወደ ውስጥ ሊሰረጉድ ይችላል። ሲብስ ንጭንጩ ይጠፋል። ይህን ልብ በሉ፤ ሲያለቅስ የዋለ ልጅ ድንገት ጸጥ ማለቱ ሁልጊዜ እፎይ የሚያሰኝ አይደለም። ሰውነቱ ከዛለ፣ ሲጠሩት ካልነቃ፣ ሲያጠጡት መዋጥ ካቃተው ጊዜ የለም።

የጤና ባለሙያዎች የሚያደርጉትን አንድ ምርመራ ወላጅም ሊያውቀው ይገባል። ከእምብርቱ ወደ ጎን፣ እምብርቱና የሆዱ ጠርዝ መሐል ላይ ያለውን ቆዳ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት አንሥታችሁ ልቀቁት። ጤነኛ ቆዳ ወዲያው ይመለሳል። ትንሽ ከዘገየ እጥረት ጀምሯል። ሁለት ሰከንድና ከዚያ በላይ እንደ ተሰበሰበ ከቆየ እጥረቱ ከባድ ነው። በጣም በከሳ ወይም በጣም ወፍራም በሆነ ልጅ ላይ ግን ይህ ምርመራ ሊያሳስት ይችላል።

ሽንትንም መቁጠር ይገባል፤ ዳይፐር ግን ያታልላል። ፈሳሽ የመምጠጥ ኃይሉ ከፍተኛ ስለሆነ ውኃ የሆነው ሰገራ ጥሩ አድርጎ ይገባበትና ሽንት ይመስላል። «ዳይፐሩ ከብዷል፣ ሸንቷል» ተብሎ ይታለፋል፤ ልጁ ግን ከጠዋት ጀምሮ አልሸናም። ጥርጣሬ ካለ ከፊት በኩል ትንሽ ጥጥ ማስቀመጥ መልሱን ይሰጣል።

ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያለባቸው እነማን ናቸው?

ከሁለት ወር በታች የሆነ ማንኛውም ጨቅላ። ሰገራው ደም ያለበት። ያጠጡትን ሁሉ የሚያስመልስ ወይም ጨርሶ መጠጣት ያቃተው። ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ያልሸና ሕፃን። ከፍተኛ ትኩሳት ያለበት፤ ከሦስት ወር በታች ከሆነ 38 ዲግሪ መድረሱ ብቻ ይበቃል። ያንቀጠቀጠው። ትውከቱ አረንጓዴ የሆነ ወይም ሆዱ የተነፋ። ቀድሞውኑ ከስቶ የነበረ ልጅ።

አንድ ነገር ደግሞ ለብቻው ይነገር። ሕፃኑ በየጥቂት ደቂቃው እግሩን ወደ ሆዱ እየሰበሰበ ከጮኸ፣ መሐል መሐል ላይ ዝም ካለ፣ ሰገራውም ቀይ ዝልግልግ ከሆነ፣ ተቅማጥ ነው ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ አንጀት በአንጀት ውስጥ መግባቱ ሊሆን ይችላል። ይህ በሰዓታት ውስጥ መታከም ያለበት ድንገተኛ ሕመም ነው።

በመንገድ ላይም ማጠጣቱ አይቋረጥ። እናቱ ጡት እያጠባችው፣ ማንኪያውን ሌላ ሰው ይዞ።

መድኃኒቱስ?

ለሕፃናት ተቅማጥ ትልቅ ቦታ ያለው መድኃኒት ዚንክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2004 በጋራ ባወጡት መግለጫ ከኦ.አር.ኤስ. ጋር አብሮ እንዲሰጥ መክረዋል፦ ከስድስት ወር በታች ላለ በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ ላለ 20 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ክኒኑ በማንኪያ ላይ በንጹሕ ውኃ ወይም በታለበ የእናት ጡት ወተት ይሟሟል። ዚንክ የተቅማጡን ቀናት ያሳጥራል፣ መጠኑንም ይቀንሳል፤ በቀጣዮቹ ሁለትና ሦስት ወራት ተመልሶ የመምጣት ዕድሉንም ያሳንሰዋል።

አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም። አብዛኛው የልጆች ተቅማጥ ደግሞ ከቫይረስ ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥንና ኮሌራን በመሳሰሉት ሐኪሙ ያዝዘዋል፤ ከዚያ ውጭ ከትልቁ ልጅ የተረፈውን ሽሮፕ ለትንሹ መስጠት ለተቅማጡ ሌላ ምክንያት መጨመር ነው።

ሎፔራማይድን የመሰሉ ማስቆሚያ ክኒኖች ለትንንሽ ልጆች አይሰጡም። የአንጀትን እንቅስቃሴ ያዘገያሉ፤ ዳይፐሩ ደረቅ ይሆናል፣ ወላጅ ይረካል። ውኃው ግን ከደም ወጥቶ አንጀት ውስጥ ተጠራቅሟል እንጂ ወደ ልጁ አልተመለሰም። አንጀት ጨርሶ መንቀሳቀሱን ሊያቆምም ይችላል። ስለ ትኩሳት ማስታገሻ ካነሣን፣ በፈሳሽ እጥረት ጊዜ አይቡፕሮፌን ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ፓራሲታሞል ይመረጣል፤ መጠኑ በክብደቱ ልክ ነው።

ሆዱ እንዲያርፍ ምግብ ይከልከል?

አይከልከል። «አንጀቱ ይረፍ» የሚለው ምክር የሚያስተማምን ይመስላል እንጂ ልጁን ያከሳዋል። የአንጀት ግድግዳ የሚታደሰው በሚያልፍበት ምግብ ነው። ጡት የሚጠባ ቶሎ ቶሎ፣ ረዘም አድርጎ ይጥባ። የዱቄት ወተት የሚጠጣ በተለመደው ልኩ ይጠጣ፤ ውኃ ጨምሮ ማቅጠን አያስፈልግም። ምግብ የጀመረው የለመደውን ይብላ፦ ሩዝ፣ ድንች፣ ሙዝ፣ እንቁላል፣ እርጎ፤ በጥቂት በጥቂቱ፣ በየሦስት ወይም በየአራት ሰዓቱ። ካልበላ አታስገድዱት። ፈሳሹ ከገባ የምግብ ፍላጎቱ ራሱ ይመጣል።

መቀመጫው ይቆስል ይሆናል። በለብታ ውኃ አጥቦ፣ በቀስታ አድርቆ፣ ቫዝሊን ወይም ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቅባት መቀባት ይረዳል።

ጥርስ ሊያወጣ ይሆን?

ጥርስ ተቅማጥ አያመጣም። ጥርስ የሚጀምርበትና ተቅማጥ የሚበዛበት ዕድሜ ስለሚገጣጠሙ ግን ጥርስ በከንቱ ይወቀሳል። ስድስት ወር አካባቢ ሕፃኑ ምግብ ይጀምራል፣ መሬት ላይ መዳህ ይቃረባል፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል፤ ከእናቱ የወረሰው የመከላከል አቅምም በዚያው ወቅት እየቀነሰ ይሄዳል። ወቀሳው ቀላል ቢመስልም ጉዳት አለው፤ «ጥርስ ነው፣ ያልፋል» ሲባል ማጠጣቱ ይዘነጋል።

ለሌሎቹ ልጆች እንዳይተርፍ?

ሳሙና። ዳይፐር ከተቀየረ በኋላ፣ ከመጸዳጃ ቤት በኋላ፣ ምግብ ከመነካቱ በፊት። እጅን በሳሙና መታጠብ የተቅማጥን ቁጥር በሲሶ ገደማ ይቀንሳል። የእጅ ማጽጃ አልኮል ኖሮቫይረስ የተባለውን ሌላ የተቅማጥ ቫይረስ በደንብ ስለማይገድል ለዚህ ሥራ ሳሙናና ውኃ ይበልጣል። ለሮታቫይረስ ደግሞ ክትባት አለ፤ በአፍ የሚሰጥ ጠብታ ሲሆን ከስድስት ሳምንት ጀምሮ ይወሰዳል። ተቅማጥን ሁሉ አይከላከልም፤ ከባድ የሆነውንና ሆስፒታል የሚያስተኛውን ግን በእጅጉ ይቀንሳል። እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ማጥባትም ያው ነው፤ ያልተበከለ መጠጥና መከላከያ በአንድ ላይ።

መቼ አበቃ ይባላል?

ሰገራው መጠን ሲይዝ ተቅማጡ አብቅቷል፤ ልጁ ግን ገና አላገገመም። ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ይሰጠዋል፣ የጎደለው ክብደት እስኪመለስ። በነዚህ ቀናት ወተት ሲጠጣ ሆዱ የሚነፋ፣ ሰገራው መልሶ የሚቀጥን ልጅ አለ፤ የወተቱን ስኳር የሚፈጨው የአንጀት ሽፋን ስላልታደሰ ነው። በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ይስተካከላል። ካልተስተካከለ ሐኪም ይየው።

ዚንኩ ደግሞ ገና አላለቀም። ስድስተኛው ቀን ላይ ልጁ ቤቱን እየረገጠ ይሮጣል፤ ክኒኑ ግን አራት ቀን ይቀረዋል። ማንኪያው ላይ አሟሙቶ፣ እያባረሩም ቢሆን፣ እስከ አሥረኛው ቀን።